እናታችን ለእህቴ ሰርግ ትመጣ ይሆናል፣ የማን ጉልበት ይሳም?

ታላቅየዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ረጅም ነው ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን የማወራው ሰው የለኝም፣ ዙሪያዬን ያለው ሁሉ ሰርገኛ ነው።

ታናሽ እህቴ ጥር 17 እሁድ ታገባለች፣ እዚሁ ጎንደር። ቀኑን ቀይሩት እንዳትሉኝ፣ ጥምቀት ካለፈ ነነዌ ጥር 25 እስኪገባ ያለችው ያች ክፍተት ላይ ግማሽ ከተማው ስለሚደግስ ድንኳኑም ወንበሩም ቪዲዮውም የተያዘው ገና በመስከረም ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ በርበሬው ተፈጭቷል፣ ካርዱ ተበትኗል።

እናታችን የሄደችው በ2004 ነው። እኔ 17፣ ሙሽሪት 11፣ ወንድማችን 6 ዓመቱ። ቅዳሜ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች፣ በዛው በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። ዘንቢሉን ሰፈር ሱቅ አስቀምጣው ነበር የሄደችው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ባለሱቁ ባዶውን አምጥቶ ሰጠን። ካርቱም መግባቷን ያወቅነው ከስምንት ወር በኋላ ስትደውል ነው። ከዛ እዛ ሰው አገባች ተባለ፣ ብር መላክ ጀመረች፣ አባዬ መለሰው፣ ሁለተኛም ላከች መለሰው፣ ቀስ እያለ ስልኩም ቀረ።

ያሳደገችን የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ እትዬ ነው የምንላት። የራሷ ልጅ የላትም። ወንድሜ በታይፎይድ ሲተኛ አልጋው ስር ወለል ላይ ያደረች፣ ለሙሽሪት ስለ ወር አበባ ያስረዳች (እንዴት እንዳስረዳቻት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ሌላ ቀን)፣ እኔ ስመረቅ አዳራሽ ውስጥ እልል ብላ ጥበቃ የተቆጣት እሷ ናት። ቤቱም እሷ ናት በቃ።

በ2015 ሚያዝያ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ስንቱ ሰው በመተማ በኩል እየጎረፈ ሲመለስ እሷም ተመለሰች። ሰውየው አብሯት አልመጣም፣ ይሙት ይኑር አላውቅም። አሁን ገንደ ውሃ ትንሽ ሻይ ቤት አላት አሉ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እዛች ቅርብ ቦታ ተቀምጣ አንዳችንም አልሄድን፣ እሷም አልመጣች።

አሁን ግን የእናቴ እናት፣ እምዬ፣ ከቆላድባ ለሰርጉ ትመጣለች፣ እሷን አለመጥራት አይቻልም፣ እምዬ ደግሞ የሰማችውን ሳትናገር አታድርም። ባለፈው ሰኞ በኢሞ መልእክት ደረሰኝ፣ “ሰምቻለሁ እግዜር ያሳምርላት፣ መንገድ ከተከፈተ እመጣለሁ” ይላል። ሌላ ምንም የለውም። የመተማ መንገድ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ሰሞን ክፍት ነው አንድ ሰሞን ዝግ ነው። መንገዱ እንዲከፈትም እንዲዘጋም በአንድ ሌሊት ጸልያለሁ፣ እግዜር የትኛውን እንደሰማ እንጃ።

አባዬ ገና ወሬው ጆሮው ሲገባ “እሷ በዚህ በር ከገባች እኔ በዚያ ነው የምወጣው” አለ፣ ከዛ ወዲህ ስሟን ማንሳት አይቻልም። ወንድሜ መልኳን አያስታውስም፣ ትምጣ ልያት ይላል። ሙሽሪት “የኔ እናት እትዬ ናት” ብላ ወሬ ትቀይራለች፣ ግን የጥሪ ካርድ ስንጽፍ አንዱን ስም ሳትጽፍበት መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፣ የማን ነው ስላት ትርፍ ነው አለችኝ። እትዬ ምንም አትልም። ሽንኩርት ትከትፋለች።

የኔ ጭንቀት እንግዲህ ይሄ ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ሊወስዳት ሲመጣ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት እናትና አባት ጎን ለጎን ይቀመጡና ጉልበት ስማ ትመረቃለች አይደል? ከአባዬ ጎን ያለችው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ? እትዬን አስቀምጠን ያች በዛች ሰዓት ከች ብትልስ፣ ዳስ ሙሉ ሰው እያየ፣ ካሜራው እየቀረጸ? ወይስ ከአሁኑ ደውዬ አትምጪ ልበላት? እናትን ለልጇ ሰርግ አትምጪ ማለት ደግሞ በምን አፍ ነው የሚባለው? ብቻ ምከሩኝ።

ሰናፍጭ፦

በያት። አትምጪ በያት። 14 ዓመት የት ነበረች? ለልደት የለች፣ ለሕመም የለች፣ ለማትሪክ የለች፣ ዶሮ ወጡ ሲደርስ ደረሰች። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው እንጂ መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ አባቴን ለሰርጌ አልጠራሁትም፣ ሰማይ አልተደፋብኝም፣ ክትፎውም አልጎመዘዘም። እትዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጡ፣ በሩ ላይ ሁለት ጎረምሳ አቁሙ፣ አለቀ።

ጠጅ ሳር፦

በር ላይ ጎረምሳ ማቆም ለዲስኮ ቤት ነው ልጄ፣ ለሰርግ ቤት አይደለም። እኛ አገር ዳስ ተጥሎ ደጃፍ የደረሰ ሰው አይመለስም፣ የኔ ቢጤ እንኳ ጥግ ይዞ ጠላውን ጠጥቶ መርቆ ነው የሚሄደው። የወለደችን ሴት ከበር መልሳችሁ ሙሽሪት በየት በኩል ተመርቃ ልትወጣ ነው? ይሄን ስል ግን ወንበሩን ስጧት ማለቴ አይደለም፣ መምጣትና መቀመጥ ለየቅል ናቸው።

እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። የባለቤቴ ዘመድ ስትዳር አባትየው ሁለት ትዳር ስለነበረው የወለደቻትም ያሳደገቻትም አንድ ዳስ ውስጥ ተገኙ። እኛ በሰቀቀን ልንሞት ነው። የንስሐ አባታቸው ብልህ ሰው ነበሩ፣ በማግስቱ ሊደረግ የነበረውን የጉልበቱን ነገር በዋዜማው ማታ አደረጉት፣ ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ። መስቀላቸውን አሳልመው መጀመሪያ ያሳደገቻትን አሳሟት፣ ከዛ የወለደቻት ሳትጠራ ራሷ ተነስታ መጥታ ያሳደገቻትን ጉልበት ሳመች። እኔ ከዛ ወዲያ ሰርጉን አላስታውሰውም። ምን እንደበላሁም አላውቅ።

እና ምክሬ፣ አባትሽ ጋ አንቺ አትሂጂ፣ ልጅ አባቱን እንዲህ ያለ ነገር ሊያናግር አይችልም። ሽማግሌ ላኪ፣ ሰርጉን የጨረሱት ሽማግሌዎች አሉ አይደል፣ አንዱ በዛው የናንተንም ቤት ይሽማገል። ከሁሉ በፊት ግን እትዬን አናግሪያት። ዝም ያለ ሰው አልተቀየመም ማለት አይደለም፣ ሽንኩርት ለመክተፍ ደግሞ ገና ነው፣ ሰርጉ ስንት ቀን ቀርቶት።

ካሜራ ከአዘዞ፦

እኔ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ በሥራዬ ያየሁትን ልበል። የሽማግሌውን ነገር ለእማማ ልተወው።

እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚፈነዳው ጉልበት ሲሳም አይደለም። የሚፈነዳው በሦስት ሰው ነው። አንደኛ ቲክቶክ ላይ ላይቭ የምትገባ የአክስት ልጅ ነው፣ እኔ የቀረጽኩትን መቁረጥ ይቻላል፣ የሷን ግን ማንም አይቆርጠውም፣ ስለዚህ ሙሽሪት ከቤት እስክትወጣ ስልክ አይነሳ በሉ፣ በተለይ ለዘመድ።

ሁለተኛ አዝማሪ። አዝማሪ ጠርታችኋል? ከጠራችሁ አደራ አስጠንቅቁት! ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ጆሮ ላይ አንድ ስንኝ ሹክ ካልሽው “ተቀበል” ብለሽ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ከለጠፍሽ አለቀ፣ ስለ እናት፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ ቀረው ዘንቢል ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ዳሱን ያስለቅሰዋል፣ ግማሹ ያለቅሳል ግማሹ ይሳደባል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሙሽራ አባት ማሲንቆ ሊሰብር ሲነሳ አራት ሰው ነው የያዘው። ሹክ የሚለው ሁሌ አንድ የሰከረ አጎት ነው። የናንተን አጎት ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ እሷን በር ላይ የሚቀበላት ሰው አለመኖሩ። ብቻዋን ከገባች ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ ማን ናት ማን ናት ይባላል፣ እሷም የት እንደምትቀመጥ ሳታውቅ መሃል ላይ ትቆማለች። አንድ የረጋ ሰው መድቡላት፣ ከበር ተቀብሎ ከነ እምዬ ጋር የሚያስቀምጣት፣ እስክትሄድም ከሷ የማይለይ።

ሰዓቱንም አስቡበት። ሙሽሮቹ ፋሲል ግንብ ፎቶ ሄደው፣ ከዛ ወደ ጎሃ ወጥተው፣ ፒያሳ ላይ ክላክስ እየነፉ ዞረው እስኪመለሱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ያኔ ቤቱ ጭር ይላል፣ የሚናገርም የሚታረቅም ሰው ካለ ያች ሰዓት ናት። ካሜራውም የለም።

ከጅዳ መልስ፦

አንብቤ ዝም ልል ነበር። እኔ ያችኛዋ ነኝ፣ ማለት የሄደችዋ። ሁለት ልጅ ጥዬ 9 ዓመት ጅዳ ነበርኩ። እኔ ተናግሬ ተሰናብቼ ነው የሄድኩት፣ በየወሩም ልኬያለሁ፣ ግን ስመለስ ልጆቼ “አንቱ” አሉኝ። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እንግዳ ነው ያደረጉኝ።

ትልቋ ስትዳር ጎረቤት ተጠርቶ እንደሚመጣ ሆኜ ሄድኩ። ከጎረቤቶች ጋ በላሁ፣ መርቄ ወጣሁ። የተቀመጠችው አማቴ ነበረች። ነደደኝ ወይ? አዎ ነደደኝ። ግን ይገባታል፣ አጥሚት እያጠጣች ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰናፍጭ ለተባልከው/ለተባልሽው፣ ዶሮ ወጥ ፈልጋ አይደለም የምትመጣው፣ ዶሮ ገንደ ውሃም አለ።

ግን ታላቅየዋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሁሉን ጽፈሽ ለምን ሄደች የሚለውን ዘለልሽው። ዘንቢሏን እንኳ የት እንዳስቀመጠች ነግረሽናል። ሴት ልጅ የ6 ዓመት ልጇን ትታ ዝም ብላ አትወጣም። ካላወቅሽው እሽ። ካወቅሽው ግን ይሄ የወንበር ጥያቄ አይደለም።

ታላቅየዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአዝማሪውን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዛ ደነገጥኩ፣ አጎቴ እኮ ልክ እንደዛ ነው። አዝማሪውንም ያመጣው እሱ ነው፣ ከቡርቧክስ።

ከጅዳ መልስ፣ አውቀዋለሁ። ሳልጽፈው የቀረሁት ረስቼ አይደለም። አባዬ ያኔ ይጠጣ ነበር። የዛሬው አባዬ ሌላ ሰው ነው፣ እሷ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ጸበል ገብቶ ተወው፣ ከዛ ወዲህ ጠላ እንኳ አይቀምስም፣ ሠፈሩ ሁሉ የሚያከብረው ሰው ነው። ያኔ ግን ማታ የበሩ ድምፅ ሲሰማ እኔ ታናናሾቼን ይዤ ጓዳ ነበር የምገባው። እነሱ ተኝተው ነበር፣ አያስታውሱም። እኔና እትዬ ብቻ ነን የምናውቀው፣ እሷም ወንድሟ ስለሆነ አታወራም፣ እኔም አባቴ ስለሆነ አላወራም። እንዲህ ሆነን ኖርን። ሙሽሪት ገበያ ብላ ጥላን ሄደች እያለች ስታድግ አንድም ቀን አላረምኳትም፣ አባዬን እንዳትጠላው ብዬ።

እና “በዚያ በር እወጣለሁ” ሲል ተቆጥቶ ነው ወይስ ፈርቶ፣ አሁን አሁን እሱም ግራ ይገባኛል።

ሰናፍጭ፦

ይሄንንማ መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ ጎረምሳውን አላቆምም ነበር። ማለት አሁንም ልጆቹን ይዛ መሄድ ትችል ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ግን ቃሌን ቀንሻለሁ።

ከጅዳ መልስ፦

ሦስት ልጅ ይዞ በመተማ? አንተ መንገዱን አይተኸዋል?

ሰናፍጭ፦

አላየሁም። አንቺ ነኝ ደግሞ።

ዲያቆን ነኝ፦

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ በቁርባን ነው የሚጋቡት? በቁርባን ከሆነ የወንበሩን ነገር ለጊዜው ተዉት፣ ሙሽሪት ንስሐ ስትገባ የንስሐ አባቷ መጀመሪያ ከሚጠይቋት አንዱ የተቀየምሽው፣ ያልታረቅሽው ሰው አለ ወይ የሚል ነው የሚሆነው። ቂም ይዞ ወደ ቁርባን አይቀረብም። መታረቅ ማለት ደግሞ አቅፎ ማልቀስ ማለት አይደለም፣ በስልክም “ይቅር ለእግዚአብሔር” መባባል ይቻላል። ይሄን ከሰርጉ በፊት ጨርሱት እንጂ ዳስ ውስጥ አትጀምሩት። ለአባትሽም ያው ናቸው፣ የንስሐ አባታችሁ አንድ ከሆኑ ሽማግሌም አያስፈልግ፣ እሳቸው ያውቃሉ፣ እንዲያውም ከናንተ በፊት የሚያውቁት ነገር ይኖራል።

ጠጅ ሳር፦

በሳል ልጅ ነው ይሄ ዲያቆን። አግብተሃል?

ካሜራ ከአዘዞ፦

እማማ እዚህም ሽምግልና ጀመሩ 😂

እኔ ግን ሦስት ወንበር ይደረግ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ አባት መሃል፣ እትዬ በቀኝ፣ እናት በግራ። አንድ ሰርግ ላይ አይቻለሁ፣ ፎቶው ያምራል።

ከጅዳ መልስ፦

ፎቶው ነው የሚያምረው። እትዬ ምን ልትሆን ነው፣ ሁለተኛ? 14 ዓመት እናት ሆና የመጨረሻዋ ቀን ላይ ረዳት ትባል? ደግሞ ያን ሁሉ ያለፈችን ሴት ወስዶ ከሰውየው ጎን ማስቀመጥ ራሱ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው። እሷም አትፈልገውም፣ እኔን ስሚኝ። ደውለሽ ጠይቂያት።

ታላቅየዋ፦

አራት ቀን ጠፋሁ፣ እንግዳ እየገባ ነው፣ ቤቱ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም።

መጀመሪያ እትዬን አናገርኳት። ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ እሳት ዳር። ልትመጣ ትችላለች አልኳት፣ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ አልኳት። እኔ የጠበቅኩት ወይ እንድታለቅስ ወይ “እሷ ናት የወለደቻት ትቀመጥ” እንድትል ነበር፣ እትዬ እንደዛ ናት ብዬ። አልሆነም። “ትምጣ። ቤቷም ነበር። ወንበሩ ላይ ግን እኔ ነኝ። ቆሜ ነው ያሳደግኋችሁ፣ አንድ ቀን ልቀመጥ” አለችኝ። እንዲህ ብላ ቡናዋን አንስታ ገባች። 31 ዓመቴ ነው፣ እትዬ ለራሷ የሆነ ነገር ስትጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ገንደ ውሃ ደወልኩ። ኢሞው እምቢ አለኝ፣ በቀጥታ ስልክ ነው ያገኘኋት። ድምፅዋ የእምዬን ድምፅ ሆኗል፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሙሽሪት አይደለም፣ “እትዬ እንዴት ናት፣ ወገቧ ተሻላት?” አለች፣ ወገቧን እንደሚያማት በምን እንዳወቀች እንጃ። ወንበሩን ነገርኳት፣ እንደመጣልኝ አፈረጥኩት፣ እትዬ ነው የምትቀመጠው አልኳት። ዝም አለች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማኛል። ከዛ “የቤቱ ሴቶች ጥለታችሁ ምን ዓይነት ነው?” አለችኝ። አረንጓዴ ነው፣ ለምን አልኳት። “እንዳልመሳሰል ነዋ፣ ሰው ይሄ ደግሞ ማን ነኝ ብላ ነው እንዳይል” አለች።

ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆየሁ፣ ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ካሜራ ከአዘዞ እንዳልከው ሰው መድበናል፣ ወንድሜ ነው፣ እኔ እቀበላታለሁ ብሎ ራሱ ጠየቀ። መልኳን በምን ታውቃለህ ብንለው “እምዬን የምትመስለዋን ነዋ” አለ። አጎቴም አዝማሪው አጠገብ እንዳይቀመጥ ተደርጓል፣ ይሄን ግን አልነገርነውም። በቁርባን ነው ዲያቆን፣ የንስሐ አባቷ አባም ሙሽሪትን አናግረዋታል፣ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ ግን መሳቢያ ውስጥ የነበረችው ካርድ ተጽፎባት ጠረጴዛ ላይ አገኘኋት። “ለወይዘሮ” ብላ ሙሉ ስሟን ነው የጻፈችው፣ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ። እማ አላለችም። እንዲያም ሆኖ ጽፋዋለች፣ ነገ በሹፌር ትላካለች።

ስለ ድሮው ስለ አባዬ ግን ለሙሽሪትም ለወንድሜም አልነገርኳቸውም። ከሰርጉ በፊት አልናገርም፣ ከሰርጉ በኋላ እንዴት እንደምናገርም አላውቅም። ለአባዬም ይሄ ሁሉ እንደተደረገ ገና አልተነገረውም፣ ሐሙስ አባ ቤት ድረስ መጥተው ለብቻው ያናግሩታል። እስከዛ እሱ ድንኳን የሚተክሉትን ልጆች እየተቆጣ ነው።

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው አሉ።